አገር የበላ በር

ጠባሴ ጨልሟል፣ ውርጭ በር ይገፋል፤
ማንደፍሮ በሻማ ታሪክ ይጠልፋል።
ለአራት አንድ ባና፣ ለአራት አንድ ቆሎ፣
አንዲት ዳይስ መሐል፣ «ጣል እንግዲህ ቶሎ!»

«እናንተ» አለ፣ «አሁን መንገደኞች ናችሁ፣
አንኮበር አፋፉ ላይ ጉም የጋረዳችሁ።
እታፈራሁ፣ ሌባ፤ ደምመላሽ፣ ጎራዴ፤
አንቺ፣ ከቅኔ ቤት የሸሸሽ በዘዴ።
ደብተራ ሸዋቀና ግሼ ይሻገራሉ፤
የሰው ገብስ ያጨደ በረዶ ይከሳሉ፤
ሰባት ቀን ቤታቸውን ጠብቁ ይላሉ።»

ቤቱ ግን ምን ቤት ነው? ከውጭ ጎጆ ነው፣
ጣሪያው ሳር የለበሰ፣ ጢስ ያጠቆረው።
ሲገቡ ግን ሰባት አዳራሽ ያዛጋል፣
ምሰሶው ሲያስነጥስ መደቡ ይሰጋል።
ድስቱ «ግራዝማች» ካላሉት አይፈላም፣
ድመቲቱ ግዕዝ ካላወሩ አትበላም።
መጽሐፉ ማታ ማታ በሶ ይመኛል፤
ካልሰጡት ፊደሉን ሰብስቦ ይተኛል።

ደብተራው ሲነሱ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣
አንድ ቃል ጣሉልን ጣታቸውን ቀስረው፦
«ድስትና ድመቱን ተዉ፣ ጨዋ ናቸው፤
ከበሩ ጋር ብቻ ወሬ ይቅርባችሁ።»

መቼም አደራ ነው… ሦስት ቀን ቻልነው።

በአራተኛው ማታ ለውኃ ስንወጣ፣
የበሩ ጉሮሮ ከመቃኑ መጣ፦
«እንቆቅልሽ?» አለኝ፤ እኔም እንደ ልማድ፣
«ምን አውቅልህ?» ብዬ ገባሁለት ከወጥመድ።
«እግር የለው፣ ይወጣል ይህን ሁሉ ዳገት፣
እጅ የለው፣ ይሰርቃል ተራራን በጠዋት።»
ዳይሷን ጣልኩ፤ አንድ ወጣች። አሰብን፣ ደከምን፤
ዙሪያችን ጉም ነበር፤ ጉም መሆኑን ግን
በጉሙ ምክንያት ማየት አልቻልን።

«አገር ስጪኝ!» አለኝ። ሞላሌን ሰጠሁት።
ማጠፊያው እስኪጮህ ሲስቅ ሰማሁት፦
«ሞላሌ ገብቼ፣ ባና ተከናንቤ፣
በእናንተ ብርድ ላይ እስቃለሁ ከልቤ!»

ደምመላሽ ተናዶ፣ ጎራዴውን መዞ፣
«እኔን ጠይቅ!» አለ፤ ተመለሰ ተክዞ፦
ደብረ ሲና ሄደች ከነቆሎዋ ጋር፤
ጣርማበር ተከተለ፣ ዋሻው እንኳ ሳይቀር።
እታፈራሁ በስርቆት ልታስመልስ ሞክራ፣
ሰላ ድንጋይን ጨምራ መጣች በኪሳራ።

ሲነጋ በሩ ወፍሮ መቃን ጠቦታል፤
ለጉንዳን መግቢያ እንኳ ቀረጥ ተምኖለታል።
ግራዝማች ድስት ከፈለ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣
መጽሐፉ ሁለት ፊደል፣ በሶው ላይ ቆጥሮ።
(«ኀ»ን እና «ሠ»ን ነው፤ ማንም አላጣቸውም፤
ድመቷ ብቻ አለቀሰች፤ እሷ ሊቅ ናት መቼም።)

በሰባተኛው ቀን መጡ በበቅሏቸው፣
በረዶውን ረትተው፣ ካሳው ቀልጦባቸው።
«ክፈት» አሉት በሩን። «ማን ልበል?» አላቸው፤
«ይለፍ የሌለው እንግዳ…» ብሎ ገላመጣቸው።
እኛ በመስኮት ጥግ አንገት ደፍተን ቆምን።

«እንቆቅልህ?» አሉት፣ ከበቅሎ ሳይወርዱ።
«ምን አውቅልዎት?» አለ፣ ተርበትብቶ ግንዱ።
«ሁሉን የሚያስገባ፣ ገብቶ የማያውቅ፣
አገር ሙሉ ይዞ ካንድ ቦታ የማይርቅ?»

ወደ ደጅ አማተረ፣ ወደ ጓዳ ቃኘ፤
ራሱን ግን፣ ምስኪን፣ በየት በኩል አገኘ?

«አገር ስጠኝ» አሉት። በየተራ ተፋ፦
ሞላሌ ተመለሰች፣ ሰላ ድንጋይ ሰፋ፣
የጣርማበር ዋሻ ወጣ ሲያንቀላፋ።
ደብረ ሲና ብቻ ቆሎዋ ጎደለ፤
«እሱን አልደበቅኩም፣ ጥርሴ ውስጥ ነው» አለ።

ሻማው አለቀ ያኔ። ባናውን ተሻማን።
ልወጣ በሩን ገፋሁ፤ ውርጭ ቆልፎታል፤
«በትከሻሽ ግፊው!» ደምመላሽ ይላል።
እኔ ግን ጠጋ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማ፣
«ምን አውቅልህ?» አልኩት ቀስ ብዬ በጨለማ።

ከስንጥቁ አንዲት ቆሎ ጠብ አለች፤ ቀጥሎ
ቀጭ አለ ማጠፊያው፤ ተከፈተ ቶሎ።